ሕግ የሌለባት ሰፈር፦ በሁለት ክፍለ ጊዜና በግማሽ ኪሎ በቆሎ

«ሕግ ባይኖር ምን ይፈጠር ነበር?» ተብሎ ሲጠየቅ ከየትኛውም ክፍል የሚመጣው መልስ የታወቀ ነው። «ሰው ይገዳደላል»፣ «ሌባ ይበዛል»፣ «ጉልበተኛ ይነግሣል»። ሦስት እጅ ይወጣል፣ ሦስቱም ተመሳሳይ ነገር ይናገራሉ፣ ጉዳዩ በአምስት ደቂቃ ይዘጋል። ተማሪዎቹ አልተሳሳቱም፤ ግን አላሰቡምም። ጥፋቱ የጥያቄው ነው።

ሕግ ሲጠፋ ሰው ምን መሥራት እንደሚጀምር ከመጠየቅ ይልቅ ምን መሥራት እንደሚተው መጠየቅ ይሻላል። ነፍሰ ገዳይ በየትም አገር ጥቂት ነው። ቀብድ ተቀብሎ ዕቃ የሚያስቀምጥ፣ በዱቤ የሚሸጥ፣ ለማያውቀው ሰው ቤት የሚያከራይ፣ ሦስትና አራት ዓመት ጠብቆ የሚለቀም ቡና የሚተክል ግን ስፍር ቁጥር የለውም። መጀመሪያ የሚቆመው የነዚህ ሰዎች ሥራ ነው። የሚከተለው ልምምድ ይህን በንግግር ሳይሆን በፍሬ ቆጠራ የሚያሳይ ነው። ለ7ኛ ክፍልና ከዚያ በላይ ላሉ ተማሪዎች፣ ለሥነ ዜጋ ክበብ ወይም ለወጣት ማኅበር ይሆናል። 40 40 ደቂቃ የሆኑ ሁለት ክፍለ ጊዜዎች ይፈልጋል፤ በተከታታይ ቀን ቢሆኑ ይመረጣል፤ ሳምንት ካለፈ ንዴቱም ሒሳቡም ይረሳል።

መጀመሪያ የሚጠፋውን ይምረጡ

«ሕግ የለም» ማለት ቢያንስ አራት የተለያየ ነገር ነው፤ ሳይለዩ ከገቡ ክርክሩ መሬት አይይዝም። የተጻፈው ሕግ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ሕጉ እያለ የሚያስከብረው ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ይሉኝታው፣ ሽምግልናው፣ እድሩ፣ ግዝቱ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ወይም ሁሉም እያለ ገዢውን የሚይዘው ሕግ ብቻ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል።

ለሁለተኛው ጥሩ ምሳሌ የካናዳዋ ሞንትሪያል ናት። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 7 ቀን 1969 ፖሊሶቿና የእሳት አደጋ ሠራተኞቿ ሥራ አቆሙ። ከሕጉ አንዲት አንቀጽ እንኳ አልተሰረዘችም ነበር። በዚያው ቀን ባንኮች ተዘረፉ፣ የመሀል ከተማ ሱቆች መስታወት ረገፈ፣ አንድ የክፍለ ሀገሩ ፖሊስ በጥይት ተገደለ፣ በመጨረሻም ጦር ሠራዊት ተጠራ። ይህን ለተማሪ «ሕግ የሌለበት ከተማ» ብሎ ማቅረብ ስሕተት ነው፤ አስከባሪ የሌለበት ከተማ ነው።

ለመጀመሪያው ቀን የሚመከረው ሁለቱን ብቻ ማጥፋት ነው፦ የመንግሥት ሕግና የሚያስከብረው አካል። ሰሌዳው ጥግ ላይ «ዛሬ የሌሉ፦ ፖሊስ፣ ፍርድ ቤት፣ ቀበሌ። ዛሬ ያሉ፦ ጎረቤት፣ ሽማግሌ፣ ቃል» ብለው ይጻፉና እስከ መጨረሻው አያጥፉት።

ዕቃና አደላደል

53 ተማሪ ባለበት ክፍል 3 ጸሐፊ ይመረጥና የቀሩት 50ዎቹ በ10 ቤት ይመደባሉ፤ በየቤቱ 5 ሰው። ሒሳቡ ሁሉ በነፍስ ወከፍ ስለሆነ ቁጥሩ ቢለዋወጥ ችግር የለም፤ በውጭ አገር በቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት 12 ልጅ ብቻ ካለ 4 ቤት በ3 ሰው ይበቃል። ግማሽ ኪሎ ጥሬ በቆሎ፣ 10 ኩባያ፣ ከደብተር የተቀደደ 50 ቁራጭ ወረቀት፣ ጠመኔ። በቆሎው ጥሬ ይሁን። ቆሎ ከሆነ ሁለተኛው ዙር ላይ ዘራፊ ሳይመጣ ያልቃል።

ቤቶቹን በዛፍ ስም ይሰይሟቸው፦ ዋርካ፣ ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ወይራ፣ ግራር፣ ኮሶ፣ ብሳና፣ ሾላ፣ ጽድ፣ ቀጋ። ስሙን ለተማሪዎቹ አይተዉላቸው። አንዱ ቤት በብሔር ወይም በአካባቢ ስም ከተጠራ ጨዋታው እዚያው አብቅቷል፤ የቀረው ጊዜ የሚያልፈው ሌላ ጠብ በመገላገል ነው። ከቀዬው ተፈናቅሎ የመጣ ወይም ቤተሰቡ የተዘረፈበት ተማሪ መኖሩን ካወቁ በቅድሚያ፣ ብቻውን፣ ጸሐፊ መሆን ይፈልግ እንደሆነ ይጠይቁት። ለእሱ ይህ ምናብ አይደለም።

ጨዋታው

እያንዳንዱ ቤት በ20 ፍሬ ይጀምራል፤ ኩባያው ጎተራው ነው። ዙር ማለት አንድ ዓመት ነው። በየዙሩ መጀመሪያ ቤቱ ተማክሮ 5 ሰዎቹን በሦስት ሥራ ይከፍላል፦ አራሽ፣ ዘብ፣ ዘራፊ። ውሳኔውን በቁራጭ ወረቀት ይጽፋል፤ ዘራፊ ካለው የሚሄድበትን ቤት ይጨምራል። ለምሳሌ «ወይራ፦ አራሽ 4፣ ዘብ 0፣ ዘራፊ 1 ወደ ዋንዛ»። ወረቀቱ ታጥፎ ለጸሐፊ ይሰጣል።

አንድ አራሽ 4 ፍሬ ያስገባል። አንድ ዘብ አንድ ዘራፊ ያስቆማል፤ ሌላ ሥራ አይሠራም። ዘብ ያላገኘው ዘራፊ ከጎተራው 6 ፍሬ ይወስዳል፤ ዘብ ካገኘው ባዶ እጁን ይመለሳል። በዙሩ ማብቂያ እያንዳንዱ ሰው 2 ፍሬ ይበላል፤ ለአንድ ቤት 10 ማለት ነው። ቅደም ተከተሉ አይዛነፍ፦ መጀመሪያ ምርት፣ ከዚያ ዘረፋ፣ መጨረሻ ቀለብ። ቀለቡን መሙላት ያቃተው ቤት በጎደለው በየ2 ፍሬው አንድ ሰው ይሰደዳል፤ የተሰደደው ሰሌዳው አጠገብ ይቆማል፣ የሚቀበለው ቤት ካገኘ ይገባል።

እነዚህ ቁጥሮች በዘፈቀደ የተቀመጡ አይደሉም። ዘራፊ ሆኖ የወጣ ሰው የራሱን 4 ትቶ 6 ያመጣል፤ ትርፉ 2 ነው። የተዘረፈው ግን 6 ያጣል፤ ሰፈሩ በጠቅላላው 4 ይጎድልበታል። ዘረፋው የሚያስገኘው 4 ወይም ከዚያ በታች ቢሆን ማንም አይሞክረውም። ወደ 10 ከፍ ቢል ደግሞ በሁለተኛው ዙር ሁሉም ይተራመስና ለማየት የተፈለገው ቀስ በቀስ የሚመጣው ነገር ያመልጣል።

ደንቡን ማስረዳቱ 8 ደቂቃ፣ እያንዳንዱ ዙር 5 ደቂቃ ይወስዳል። ሁለት ጸሐፊዎች ወረቀት ያነባሉ፣ ፍሬ ይሰጣሉ፣ ይቀበላሉ። ሦስተኛው ሰሌዳው ላይ በየዙሩ አምስት ቁጥር ብቻ ይጽፋል፦ የክፍሉ አራሽ ስንት፣ ዘብ ስንት፣ ዘራፊ ስንት፣ የተዘረፈ ፍሬ ስንት፣ ጠቅላላ ጎተራ ስንት። የትኛው ቤት ማንን እንደዘረፈ አይነገርም። ይህ ምስጢር ጨዋታውን የሚያስኬደው ነዳጅ ነው፤ ከጸሐፊዎቹ አንዱ ለጓደኛው በዓይኑ ከጠቀሰ ሁሉም ነገር ይፈርሳል።

በመጀመሪያው ዙር ሁሉም ቢያርስ 200 የነበረው 200 ተጨምሮበት፣ 100 ተበልቶለት 300 ይሆናል። በሁለተኛው 4 ቤት አንድ አንድ ዘራፊ ልከው ቢሳካላቸው 24 ፍሬ እጅ ይለውጣል፤ አራሹ 46 ስለሆነ ምርቱ 184 ነው። ጉዳቱ ገና ቀላል ነው፤ ሰሌዳው ላይ ብዙም አይታይም። የሚለወጠው ፊታቸው ነው። ኩባያው ወደ ደረት ይጠጋል፣ ምክክሩ ወደ ሹክሹክታ ይወርዳል።

በደንብ ማየት ያለብዎት ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ነው። በየቤቱ 2 ዘብ ቆሞ 1 ዘራፊ ቢወጣ፣ የሚያርሰው 2 ሰው ብቻ ይሆናል። በ10 ቤት 20 አራሽ፣ 80 ፍሬ። ቀለቡ 100። ዘራፊዎቹ ሁሉ ዘብ ገጥሟቸው ባዶ እጃቸውን ቢመለሱ ሰሌዳው ላይ «የተዘረፈ፦ 0» ተብሎ ይጻፋል፤ ጎተራው ግን በ20 ጎድሏል። እዚህ ላይ ጨዋታውን ያቁሙና ቁጥሩን በጣትዎ እያሳዩ «ማን ወሰደው?» ብለው ይጠይቁ። መልስ አይስጡ። አንድም ፍሬ ያልተሰረቀበት ዓመት ከተሰረቀበት ዓመት የከፋ ለምን እንደሆነ ራሳቸው ቆጥረው ሊደርሱበት ይገባል፤ ዝምታው ሁለት ደቂቃ ቢፈጅም ይጠብቁ።

ከአራተኛው ዙር በኋላ 5 ደቂቃ ሸንጎ ይፍቀዱ። መቀመጫቸውን ትተው ተሰብስበው የፈለጉትን ይስማሙ። አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው «ከእንግዲህ አንዘርፍም፤ የዘረፈ እጥፍ ይከፍላል» የሚል ነው። እርስዎ የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ማነው የሚያስከፍለው?» ከዚያ የጋራ ዘብ ይሾማሉ። 3 የጋራ ዘብ ሲቆም ባለማረሳቸው የሚታጣው ምርት 12 ፍሬ ነው፤ በየቤቱ ሁለት ሁለት ዘብ ሲቆም የሚታጣው 80 ነበር። ቀለባቸውን ማን እንደሚሰፍርላቸው ሲከራከሩ ግብር የሚባለው ነገር ሳይጠሩት ክፍሉ ውስጥ ይገባል። የመጨረሻውን ዙር በዚህ ደንብ ያጫውቱ፤ ይህን ዙር ብቻ የዘራፊዎቹ ወረቀት ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ ዘቦቹም ቅጣት ይሰበስባሉ። ዘቦቹ ቅጣቱን ለራሳቸው ካስቀሩት ዝም ይበሉ። ጎተራው የሞላ ቤት ደንቡን ወደ ራሱ ካጣመመም ዝም ይበሉ። ለነገ ይፈለጋሉ።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው

ቀልድ አንዱ ነው። «እኔ ሁሉንም ገድዬ ብቻዬን እኖራለሁ» የሚል ተማሪ አይጠፋም። አይቆጡት፤ 4 ፍሬ ብቻ እንዲያርስ፣ ሌሊቱን ራሱን እንዲጠብቅ ያድርጉት። ዘብ ሲሆን አያርስም፣ ሲያርስ ዘብ የለውም፤ ሒሳቡ ይመልስለታል።

ፍሬ በእውነት የሚሰርቅም አለ፤ ከኩባያ ወደ ኪስ። ጸሐፊዎቹ የየቤቱን ጎተራ በደብተር ከያዙ ልዩነቱ በአንድ ዙር ውስጥ ይታወቃል። ልጁን በስም አይጥሩት፤ «ከብሳና ጎተራ 7 ፍሬ የት እንደገባ አይታወቅም» ብሎ ማንበብ ይበቃል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የመምህሩ ጥድፊያ ነው። ገና በሁለተኛው ዙር «አያችሁ፣ ለዚህ ነው ሕግ የሚያስፈልገው!» ከተባለ ተማሪው መልሱ ቀድሞ ተዘጋጅቶለት እንደነበር ይገባዋል። ከዚያ በኋላ የሚናገረው እርስዎን ለማስደሰት ነው።

ሁለተኛው ቀን

የትናንቱን ቁጥር ሰሌዳው ላይ መልሰው ይጻፉና በ10 ደቂቃ ያንብቡት። ቀጥሎ ክፍተቱ በእውነት ሲያጋጥም ምን እንደሚሞላው ያሳዩ። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

በቀድሞው ዘመን መንገድ ላይ ሁለት ሰው ቢጣላ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ካለ ሌላው መቆም ነበረበት። «በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል» የተባለው ለዚህ ነው። ፖሊስ የለም፤ ግን የሰማ መንገደኛ ሁሉ ምስክር ነው፣ እዚያው ዳኛ ሆኖ ሊቀመጥም ይችላል። ከሳሽና ተከሳሽ የነጠላቸው ጫፍ ተቋጥሮ፣ ባለዕዳና አበዳሪ በአንድ ሰንሰለት ተቆራኝተው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር፤ ዛሬ «የአልጋ ቁራኛ» የምንለው ቃል ከዚያው ቤት ነው። ሁለት ተማሪ አስነስተው በነጠላ ጫፍ ወይም በሻሽ አቆራኝተው በክፍሉ ውስጥ ያስኪዷቸው። ስንት ሥራ እንደሚፈቱ ወዲያው ይታያል። አፈርሳታም እንዲሁ ነው፦ ወንጀለኛው ሲጠፋ የአገሩ ሰው ሁሉ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ የሚያውቀውን እስኪያወጣ ይቆያል፣ የቀረ ይቀጣል። ያለ ፖሊስ ሌባ ይገኝ ነበር፤ ዋጋው ግን የመላው አገር የእርሻ ቀን ነው። ከትናንቱ ሰሌዳ ጋር ያያይዙት፦ 50 ሰው ሁሉ ዘብ የቆመበት ዙር ማለት ነው።

ሕግ በአንድ ሰው ላይ ሲንጠለጠል ምን እንደሚመስል ደግሞ የነገሥታቱ ሞት ያሳያል። ንጉሥ ሞተ ከተባለ ገበያ ይፈታል፣ መንገድ ይዘጋል፣ ቂም ያለው ቂሙን ያወጣል ተብሎ ይፈራ ስለነበር ሞት ይደበቅ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሞታቸው ለሕዝብ አልተነገረም። አዲሱ ገዢ የሚያስነግረው አዋጅ «የሞትንም እኛ ያለንም እኛ» የሚል ነበር። ይህን ሐረግ ሰሌዳ ላይ ይጻፉና «ለምን "እኛ" ተባለ?» ብለው ይጠይቁ። ገበሬው በማግሥቱ እርሻ እንዲወጣ፣ ነጋዴው ጭነቱን እንዲጭን ነው የተባለው።

ከጎረቤት ሶማሊያን ይውሰዱ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1991 የዚያድ ባሬ መንግሥት ሲወድቅ ፍርድ ቤቱም ፓርላማውም ማዕከላዊ ባንኩም አብረው ወደቁ። ሆኖም ሽልንጉ ያለ ባንክ መገበያያ ሆኖ ቀጠለ፤ የጎሳ ሽማግሌዎች በሔር፣ ማለትም በቆየው የባህል ሕጋቸው፣ ዳኝነቱን ያዙ። በሔር ለተገደለ ወንድ የተለመደው ካሳ 100 ግመል ነው፤ የሚከፍለውም ገዳዩ ብቻውን ሳይሆን ወገኑ ተዋጥቶ ነው። እዚህ ላይ ተማሪዎች «ታዲያ ያለ መንግሥትም ይቻላል!» ይላሉ። ተገቢ አስተያየት ነው፤ አያጣጥሉት። ቀጥሎ ግን የሚያዋጣለትና የሚከስለት ጠንካራ ጎሳ የሌለው ሰውስ ብለው ይጠይቁ። ትናንት ተሰድዶ ሰሌዳው አጠገብ የቆመውን ልጅ ማንኛው ቤት ተቀበለው?

አሁን ቅጣቱን ለራሳቸው ወዳስቀሩት ዘቦች ይመለሱ። ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡን ሲያወርድ ሕገ መንግሥቱን አገደ፤ መፈክሩ «ያለ ምንም ደም» የሚል ነበር። ኅዳር 14 ቀን 60 ያህል ባለሥልጣናትና መኮንኖች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። በዚያ ሌሊት አዲስ አበባ ወታደርም እስር ቤትም አልጎደላትም። የጎደለው ከአራቱ የመጨረሻው፣ ገዢውን የሚይዘው ሕግ ነበር። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ዶሮዬ ታሳዝነኛለች» የሚለው ተረትም ስለ ሌባ ብቻ የተነገረ እንዳልሆነ እዚህ ላይ ይገባል።

ጊዜ ከተረፈ ብቻ፦ ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም. የመኪና ጉዞን ከግራ ወደ ቀኝ አዛወረች። ግራው ኃጢአት፣ ቀኙ ጽድቅ ስለሆነ አይደለም። ክፉ ሰው አንድም በሌለበት ሰፈርም ቢሆን ይህ ሕግ ያስፈልጋል፤ መላእክትም ቢነዱ በየት በኩል እንደሚያልፉ መስማማት አለባቸው።

ጽሑፉ

በቀረው 15 ደቂቃ ጀምረው ቤታቸው የሚጨርሱት የአንድ ገጽ ጽሑፍ ይስጧቸው። «ሕግ የሌለበት አገር» የሚል ርእስ አይስጡ፤ እንደገና «ሰው ይገዳደላል» ይመጣል። ይልቁንስ አንድ ዕቃ ያስመርጧቸው፦ የቤት ካርታ፣ የፋርማሲ ክኒን፣ የመቶ ብር ኖት፣ የማዳበሪያ ከረጢት፣ የቤት ቁልፍ። ከጧት እስከ ማታ ያ ዕቃ ምን እንደሚገጥመው ይጻፉ። ደምና ጥይት ክልክል ነው፤ ዋጋ ግን የግድ መጠቀስ አለበት።

ቁልፍ የመረጠ ተማሪ ምን ያህል ሊሄድ እንደሚችል ምሳሌ ያሳዩት። አከራይዋ የዓመቱን ኪራይ ባንድ ጊዜ ካልተቀበለች ቁልፍ አትሰጥም፤ ተከራዩ በሦስተኛው ወር መክፈል ቢያቆም የምታስወጣበት መንገድ የላትም። ተከራዩ ደግሞ የዓመቱን ከፍሎ በማግሥቱ ብታስወጣው የሚጮኽበት ደጅ ስለሌለ በየቀኑ ልክፈል ይላል። ሁለቱም ሐቀኛ ናቸው፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ግን አይስማሙም። ክፍሉ ባዶውን ያድራል፣ ሰውየውም ውጭ ያድራል። በመጨረሻ አከራይዋ ለእህቷ ልጅ በግማሽ ዋጋ ትሰጠዋለች። ዘመድ የሌለው ከተማ አይገባም። አንድም ወንጀል አልተፈጸመም።

እርማቱ ከ10 ነው። ዕቃው ሳይታይ ይደገፍበት የነበረውን መሥሪያ ቤት ወይም ልማድ ለይቶ ለጠራ 3፤ ሰዎች የተዉትን ነገር በግልጽ ላሳየ 3፤ ክፍተቱን የሞላው ማን እንደሆነ፣ ዘመድ ይሁን ሽማግሌ ወይም ጉልበተኛ፣ ለጻፈ 2፤ በዚያ አሞላል የሚጎዳውን ሰው ላልረሳ 2። ሕግ ባይኖር ይሻላል ብሎ የሚጽፍም ይኖራል። ዘቡን ማን እንደሚቀልበው፣ የተሰደደውን ማን እንደሚያስገባው በቁጥር ካሳየ ሙሉ ነጥቡን ይስጡት።